«ሜታል የወንድ ነው» ለሚሏችሁ፦ ስለ ዶሮ ፔሽ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ሮክ ስጽፍ ዶሮ ፔሽ የምትባል ጀርመናዊት የሜታል (ጊታሩና ድራሙ የከበደበት የሮክ ዓይነት) ዘፋኝ ጠቅሼ፣ «የባንዷን ስም ተቀምታ እንኳ መዝፈኗን ያላቆመች» ብዬ በአንድ መስመር አልፌያት ነበር። እናንተ ግን አላለፋችኋትም። ከዚያ ወዲህ የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እሷ ናቸው፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣው ብቻውን ዓምዱን ይሞላል። እሰየው! ይቺን ሴት ከልቤ ስለምወዳት የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእሷ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ አልበሞቹን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የምታገኟቸው በዚያ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሮክና ሜታል በጣም እወዳለሁ፣ መዝፈንም እሞክራለሁ። ቤት ውስጥ ግን ‹ይሄ የወንድ ነገር ነው፣ ለሴት ልጅ አይሆንም› ይሉኛል። ይቺ ዘፋኝ ማናት? እንዴትስ ጀመረች?» (ከሆጤ፣ ደሴ)

አብሽሪ እህቴ፣ ይሄን የተባልሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ሙሉ ስሟ ዶሮቴ ፔሽ ነው። ዶሮ የሚለው ከዚያ ተቆርጦ የወጣ የመድረክ ስሟ ነው፤ እኔ ዶሮቴ እያልኩ እቀጥላለሁ። በጁን 3 ቀን 1964 በራይን ወንዝ ዳር ባለችው ዱሰልዶርፍ ተወለደች፤ በእኛ ግንቦት 26 ቀን 1956 ማለት ነው። ለቤቱ አንድ ልጅ ናት፣ አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ገና በሦስት ዓመቷ የሊትል ሪቻርድን «ሉሲል» ትዘፍን እንደነበር ትናገራለች። ከፍ ስትል ደግሞ ስሌድ፣ ስዊት፣ ቲ ሬክስ የሚባሉትን የእንግሊዝ ባንዶች እየሰማች አደገች።

አሁን የምነግርሽን ልብ በይው። በ16 ዓመቷ ግድም ቲቢ ያዛት። ቀላሉ ዓይነት አልነበረም፣ ሊገድላት ደርሶ ነበር። ሳምባዋን የታመመች ልጅ ከአልጋ ስትነሳ ምን አደረገች? በ1980 ስኔክባይት የሚባል ባንድ ውስጥ ገብታ መዝፈን ጀመረች። ስለ እሷ ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ይሄ ነው። እዚህ አገር ቲቢ ታሞ የዳነ ሰው በየቤቱ አለ፣ ደረጃ መውጣት እንኳ ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚያሳጥር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እሷ ግን በዚያው ሳምባ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም በላይ ልትሰማ ወሰነች።

ከዚያ ሁለት ትንንሽ ባንዶች ሞክራ በ1982 ዱሰልዶርፍ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ዋርሎክ የሚባለውን ባንድ መሠረቱ። ሙያዋ ግራፊክስ ነበር፤ ቀን ቀን እሱን ትሠራለች፣ ማታ ልምምድ። በ1984 «በርኒንግ ዘ ዊችስ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ፣ በ1985 «ሄልባውንድ»፣ በ1986 «ትሩ አዝ ስቲል»። ባንዱ ሲጠነክርና የጉዞው ነገር ሲበዛ ነው የቀን ሥራዋን የተወችው።

ለቤተሰብሽ የምትነግሪያቸው አንድ ቀን ካስፈለገሽ ይሄን ንገሪያቸው። ኦገስት 16 ቀን 1986፣ እንግሊዝ አገር፣ ካስል ዶኒንግተን። ሞንስተርስ ኦቭ ሮክ የሚባለው ትልቅ ፌስቲቫል ነው። የዚያን ቀን ዝርዝር ላይ ኦዚ ኦዝቦርን አለ፣ ስኮርፒየንስ አለ፣ ዴፍ ሌፐርድ አለ፣ ሞተርሄድ አለ፤ ሁሉም የዘመኑ ትልልቅ ስሞች ናቸው። መድረኩን የከፈተው ዋርሎክ ነው። መክፈት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ኮንሰርት የሄደ ሁሉ ያውቃል፤ ሰው ገና እየገባ ነው፣ ገና ቦታ እየፈለገ ነው፣ የመጣውም አንቺን ብሎ አይደለም። በዚያ ሰዓት ላይ ነው የ22 ዓመቷ ዶሮቴ ማይኩን ይዛ የወጣችው። በዚያ ፌስቲቫል ባንድ እየመራች መድረክ ላይ የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

እዚያም እኮ የወንድ ነገር ነው ይባል ነበር። ጊታሩም፣ ድራሙም፣ ማናጀሩም፣ ከመድረኩ በታች ያለው ሕዝብም አብዛኛው ወንድ ነው። ስለዚህ እነ እማማና እነ አባባ የሚሉሽ ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ግን እውነት አይደለም። እኛም አገር ቢሆን ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ከአራቱ ድምፃውያን ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ማትሪክሽን ግን በደንብ ተዘጋጂበት። ዶሮቴም የሙዚቃ እንጀራ እስኪበላ ድረስ ሙያ ነበራት።

ጥያቄ፦ «ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ሴት ልጄ ይህን ዘፈን ከስልኳ አትለይም። አንድ ቀን ሽፋኑን ሳየው ጭራቅ የመሰለ ነገር ተስሎበታል። የሰይጣን ነገር አይደለም ወይ? ልከልክላት?» (ከኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ድንጋጤዎ ይገባኛል። የዋርሎክ ሽፋኖች ላይ ጠንቋይና ጭራቅ መሳይ ፍጡር አለ፤ የባንዱ ስምም ጠንቋይ ማለት ነው። በ1980ዎቹ የሜታል ባንዶች እንደዚያ ነበር የሚሸጡት። የሚያስፈራ ፊልም ፖስተሩን እንደሚያስፈራ አድርጎ እንደሚሠራው ማለት ነው። አልበሙን ገልጠው ሲሰሙት ግን የምትዘፍነው ስለ ፍቅር ነው፣ ተስፋ ስላለመቁረጥ ነው፣ አብሮ ስለመቆም ነው። ሬጊና ሃልሚሽ ለምትባል ጀርመናዊት የቦክስ ሻምፒዮን ዘፈን ሠርታላታለች። ለሴቶች መብት የሚሠሩ ድርጅቶችን ትደግፋለች፣ ለእንስሳት ካላት ርኅራኄ የተነሳ ሥጋ አትበላም።

ልሸፍንልዎት አልፈልግም፤ ሜታል አንድ ዓይነት አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብላክ ሜታል ከሚባለው የሜታል ዓይነት ሰፈር የወጡ ወጣቶች ቤተ ክርስቲያን እስከማቃጠል ደርሰዋል። እሱ ወንጀል ነው፣ ታስረውበታል። ከዶሮቴ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። ስለዚህ «ሜታል ነው» ብለው በጅምላ ከሚከለክሉ የቱን እንደምትሰማ ይጠይቋት። እርስዎም በሚቀጥለው ጉዞ ወደ ባቲ ቁልቁል ሲወርዱ አንዱን ዘፈን ይክፈቱትና ይስሙት። ዘፋኟም እኮ የሾፌር ልጅ ናት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ጆሮዋ። የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ድምፁን ጥግ ድረስ ከፍቶ ሰዓታት መስማት መስማትን ቀስ በቀስ ይጎዳል፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። ከስልኩ ድምፅ ከ60 ከመቶ በላይ እንዳታልፍ፣ በየመሀሉም እንድታወልቀው ይንገሯት። አጠገቧ ተቀምጠው ዘፈኑ ለእርስዎ የሚሰማ ከሆነ በዝቷል።

ጥያቄ፦ «ወሎ ዩኒቨርሲቲ የምንማር አራት ልጆች ባንድ አቋቁመናል። ጊታርና ስፒከር የገዛልን ሰው አሁን ‹ማናጀራችሁ እኔ ነኝ፣ ስሙም የኔ ነው፣ ከወጣችሁ ስሙን ትታችሁ ትወጣላችሁ› እያለን ነው። ዶሮ ፔሽ ስሟን ተቀማች ያልከው እንዴት ሆኖ ነው?» (ከደሴ)

ይሄ ጥያቄ ሲደርሰኝ ሆዴ ተላወሰ። ቁጭ በሉና ታሪኩን ከሥሩ ስሙት።

1987 ላይ ዋርሎክ «ትራያምፍ ኤንድ አጎኒ»ን አወጣ። የተቀዳው ኒው ዮርክ ነው፣ ዶሮቴም እዚያው መኖር ጀምራ ነበር። «ኦል ዊ አር» የሚለው ዘፈን እዚህ አልበም ላይ ነው ያለው፤ እስከዛሬም ካልዘፈነችው ከመድረክ የማያስወርዷት እሱን ነው። አልበሙ አሜሪካ ውስጥም መንገድ ከፈተላቸው፣ በ1988 ሜጋዴዝ ከሚባለው የአሜሪካ ሜታል ባንድ ጋር አገሩን ዞሩ። ከውጭ ሲታይ ጉዳዩ ተሳክቷል። ከውስጥ ግን የመጀመሪያዎቹ አባላት አንድ በአንድ እየወጡ ነበር፤ በመጨረሻ ዱሰልዶርፍ ከጀመሩት ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ሆነች።

በዚህ መሀል የቀድሞ ማናጀራቸው «ዋርሎክ የሚለው ስም የኔ ነው» ብሎ ተነሳ። ክርክር ሆነ። ተሸነፈች። ድምፁ የእሷ፣ ፊቱ የእሷ፣ የደከመው አካል የእሷ፤ ስሙ ግን የእሷ አይደለም ተባለ። ቲሸርት ላይ እንኳ ያንን ስም ማተም አትችልም።

እስቲ አስቡት። አንድ ባንድ አራት አልበም ሠርቶ ሰው በስሙ ያውቀዋል፣ ሬዲዮ በስሙ ይጠራዋል፣ ሱቅ ውስጥ ካሴቱ የሚደረደረው በዚያ ፊደል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ያ ሁሉ ይቆማል። እሷ ምን አደረገች? አዲስ ሙዚቀኞች ሰብስባ በ1989 «ፎርስ ማዠር» የተባለውን አልበም በራሷ ስም፣ ዶሮ ብላ አወጣች። በ1990 ደግሞ ኪስ (KISS) ከሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ጂን ሲመንስ ፕሮዲውስ ያደረገው ሌላ አልበም ተከተለ። ቢሆንም ጊዜው ከበዳት። 1990ዎቹ ውስጥ አሜሪካ ላይ ግራንጅ የሚባለው ሙዚቃ ሲመጣ የሰማንያዎቹ ሜታል ቀስ በቀስ ከሬዲዮ ወረደ፤ የእሷም አልበሞች አሜሪካ አልደርስ አሉ። ጀርመን ውስጥ ያለው አድማጭ ግን አልተዋትም። እሷም አልተወችውም፣ በየከተማው እየዞረች ዘፈነችለት። አሜሪካ ተመልሳ በደንብ የዞረችው በ2000 ዲዮና ኢንግቬ ማልምስቲን ከሚባሉት የሜታል ሙዚቀኞች ጋር ነው። የዋርሎክን ስም የመጠቀም መብቷን ያስመለሰችው መቼ መሰላችሁ? በ2011። ከ20 ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ዮርክ ያለውን ቤቷን አበላሸባት፣ ለዓመታት ያስቀመጠችው የሽፋን ሥዕልና ቅጂም ጠፋባት።

እናንተ 20 ዓመት እንዳትጠብቁ አሁኑኑ ወረቀት ያዙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? መጀመሪያ ሁለቱን ነገር ለዩ። ጊታርና ስፒከር የገዛላችሁ ሰው ገንዘብ አውጥቷል፤ ገንዘቡ ብድር ነው ወይስ ስጦታ ወይስ የትርፍ ድርሻ፣ እሱን በጽሑፍ ተስማሙና ያለበት ይከፈለው። ውለታውን አትካዱ፣ ነውር ነው። ስሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ስሙ የፈረማችሁት ነገር አለ? ከሌለ አሁን በችኮላ ምንም አትፈርሙ።

እኛም አገር ሕግ አለ። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚባለውን አንብቡት (የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። የባንድ ስም በዚያ ሊመዘገብ ይችላል፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሆኖ ይታደሳል። የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ስታስመዘግቡ በማን ስም እንደሚሆን አራታችሁም ተነጋገሩ፤ «አንዱ ሲመረቅና ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ስሙ ከማን ጋር ይቀራል?» የሚለውን ጭምር። የዘፈኖቹ ግጥምና ዜማ ደግሞ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል፣ የደረሰው ሰው ነው ባለቤቱ። የቱን ግጥም ማን እንደጻፈ በቀኑ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ደግሞ የምትማሩበት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። መምህራኑ ቢሮ ድረስ ሂዱና ጠይቁ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ደስ ነው የሚላቸው።

ጥያቄ፦ «ሜታል እዘፍናለሁ። ልምምድ በሠራን ማግስት ድምፄ ይዘጋል፣ ሁለት ቀን እንደ ሽማግሌ አወራለሁ። ማርና ዝንጅብል እጠጣለሁ። እነሱ 40 ዓመት እንዴት ይጮኻሉ? ሚስጥሩ ምንድነው?» (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ሚስጥሩ አለመጮኻቸው ነው። ከልቤ ነው የምልህ።

ጉሮሮህ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የድምፅ አውታሮች አሉ። ስትዘፍን በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ይጋጫሉ፣ ከፍ ባለው ድምፅ ላይ ብዙ መቶ ጊዜ። በጉልበት ስትገፋቸው ያብጣሉ። ድምፅህ የሚዘጋው ለዚህ ነው። በእብጠቱ ላይ ደጋግመህ ከዘፈንክ እንደ እጅ ኬሎ ያለ ነገር ይበቅልባቸዋል፤ ኖዱል ይሉታል። አንጌላ ጎሶው የምትባል ሌላ ጀርመናዊት አለች፣ የኮሎኝ ልጅ፣ በ1974 የተወለደች። ከ2000 ጀምሮ አርች ኢነሚ ለሚባለው የስዊድን ባንድ የዘፈነችው እሷ ናት። የምታሰማው ድምፅ እንደ አውሬ ጉርምርምታ ነው፤ ሴት ናት ብትባል አታምንም። እሷም መጀመሪያ ላይ ኖዱል አግኝቷት ነበር። የዳነችው ዝም ብላ በማረፍ አይደለም፣ አዘፋፈኗን ከሥሩ እንደገና በመማር ነው። ያ የሚያስፈራው ጉርምርምታ ባብዛኛው የሚመጣው ከዋናዎቹ አውታሮች በላይ ካሉት እጥፋቶች ነው፣ ማይኩም ብዙውን ሥራ ይሠራል። በ2014 ማይኩን ለካናዳዊቷ አሊሳ ዋይት ግሉዝ አስረክባ የዚያው ባንድ ማናጀር ሆነች።

ስኮርፒየንስን ደግሞ የማያውቅ የለም። ዘፋኛቸው ክላውስ ማይነ በ1981 ድምፁን ጨርሶ አጣው። ለባንዱ «ሌላ ሰው ፈልጉ» እስከማለት ደርሶ ነበር። ጓደኞቹ እምቢ አሉ፣ «ታከም፣ እንጠብቅሃለን» አሉት። አውታሮቹ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ መናገርን ጀምሮ ድምፁን ደረጃ በደረጃ አሠለጠነው፣ በ1982 «ብላክአውት» በእሱ ድምፅ ወጣ። ያልጠበቁት ቢሆን ኖሮ በኋላ ዓለም የዘፈናቸው እነዚያ ለስላሳ ዘፈኖች አይኖሩም ነበር።

የዶሮቴ ድምፅ ከሁለቱም ይለያል። ሻከር ያለ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው፣ ቃሉ ይሰማል። አስተውለህ ስማት፤ ከፍ ወዳለው ድምፅ ስትወጣ አንገቷ ላይ አይደለም የምትገፋው፣ ትንፋሹ ከጎድን አጥንት በታች ነው የሚመጣው።

አንድ ልምምድ ልስጥህ። ብርጭቆ ውስጥ እስከ ግማሽ ውኃ አድርግ፣ ስትሮ ክተትበት፣ ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ውኃው ውስጥ ይግባ። ከንፈርህን ግጥም አድርገህ በስትሮው ውስጥ «ኡ» እያልክ አረፋ አውጣ። አረፋው እኩል እኩል እየፈላ እንዲቀጥል አድርግ፤ ከተቆራረጠ ትንፋሽህ ተቆራርጧል ማለት ነው። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ዜማውን አውጣ አውርድ። ከልምምድ በፊት አምስት ደቂቃ፣ ከልምምድ በኋላም አምስት ደቂቃ። የድምፅ ባለሙያዎች ለታመመ ድምፅም የሚያዙት ነው።

ሌላው ችግርህ ክፍሉ ይመስለኛል። ልምምድ የምትሠሩት ግድግዳው ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው አይደል? ድራሙ ጆሮህ ሥር ነው፣ የራስህን ድምፅ አትሰማም፣ ስለዚህ ትጮኻለህ። አንዱን ስፒከር ወደ ራስህ አዙረው፣ ጊታሩን ቀንሱት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያለ ማይክ ከድራም ጋር መዝፈን የሚባል ነገር ተው። ማርና ዝንጅብሉ ጉሮሮህን ያለሰልሳል፣ ግን የምትውጠው ነገር አውታሮቹን አይነካቸውም፤ ውኃ ቀኑን ሙሉ ጠጣ፣ እንፋሎት ታጠን። ሐረጎን ወጥተህ ደሴ ብርድ ውስጥ የምትዘፍን ከሆነ አንገትህን ሸፍን፣ ሳታሟሙቅ አትጀምር። ሲጋራና ጫት ሌሊቱን ሙሉ፣ ከዚያ ልምምድ? አይሆንም፣ አፍና ጉሮሮህን ነው የሚያደርቁት። ድምፅህ ሲዘጋ አታንሾካሹክ፣ ዝም በል። ከሦስት ሳምንት በላይ ካልተከፈተ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ነገ ዛሬ አትበል።

ጥያቄ፦ «አግብታለች? ልጆች አሏት?» (ከብዙ ሰው)

አላገባችም፣ ልጅም የላትም። ሕይወቷን ለሙዚቃው እንደሰጠችና አድማጮቿን እንደ ቤተሰብ እንደምታያቸው በግልጽ ትናገራለች። የሞተርሄዱ ዘፋኝ ሌሚ የልብ ጓደኛዋ ነበር፣ በ2000 በወጣው አልበሟ ላይ አብረው ዘፍነዋል። በ2015 ሲሞት በጣም አዘነች፤ በ2018 ባወጣችው አልበም ላይ ለእሱ መታሰቢያ የሚሆን ዘፈን አለ።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የአምባሰልና የባቲ አገር ልጆች ሆናችሁ የጀርመን ጩኸት ስትከተሉ ያሳዝነኛል። ማሪቱ ለገሠን የሰማ ጆሮ ይሄን ምን ያደርግለታል?» (ከሙጋድ፣ ደሴ)

መምህር፣ ያዘኑት ስለወደዱ ነው፣ አክብሬ እመልስልዎታለሁ። ማሪቱን የነኩ ቀን እኔም አልታገስም። ከላሊበላ ኪነት ጋር ከዚህ ከወሎ የተነሳች ናት፤ አምባሰልን እንደ እሷ አድርጎ የሚጫወት ሌላ ሰው እኔ አልሰማሁም።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ባቲ ማይነር የሚባለውን ቅኝት በጊታር ላይ ያውጡት። አምስቱ ድምፆች ሮክና ብሉዝ ሲሠሩበት የኖሩት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ናቸው፣ አንድም ሳይጎድል። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ስሟን የሰጠችው ቅኝት ከሄቪ ሜታል ጊታር ጋር ሆድና ጀርባ አይደለም፣ አንድ ቤት ነው ያለው። ጃኖዎች ይሄ ገብቷቸው ነው የአገር ዜማ በከባድ ጊታር የሠሩት። ልዩነቱ አጨዋወቱ ላይ ነው፤ የእኛ ዘፋኝ ድምፁን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው፣ የቱ ላይ እንደሚቆይ፣ የቱን እንደሚነካ ብቻ አድርጎ እንደሚያልፍ። እሱን ከእናንተ ካልሆነ ከየትም አንማረውም።

ደግሞ ዶሮቴ ራሷ በዚህ ከእርስዎ ጋር ናት ብዬ አምናለሁ። ዓለም አቀፍ መሆን የፈለገ የጀርመን ሮክ ሁሉ በእንግሊዝኛ በሚዘፍንበት ጊዜ፣ ኒው ዮርክ ሄዳ በቀዳችው በዚያ ትልቅ አልበም መጨረሻ ላይ «ፉር ኢመር» የሚል በጀርመንኛ የተዘፈነ ዘፈን አስገባች። ዝግ ያለ ነው፣ የፍቅር ነው። ቋንቋውን የማያውቁ አገሮች ድረስ አብሯት ሰው ይዘፍነዋል። ከልጆቹ ላይ ጊታሩን አይቀሟቸው፤ ቤትዎ ጠርተው አምባሰልን ያስቆጥሯቸው። ቡናው በረካ እስኪደርስ ይሰማሉ፣ ዋስ እሆናለሁ።

ጥያቄ፦ «አሁንም ትዘፍናለች? ከየት ብጀምር ይሻላል? ዳታ ውድ ስለሆነ ምርጡን ብቻ ንገረኝ።» (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

ትዘፍናለች እንጂ! በ2023 «ኮንከረስ» የተባለውን አልበም አወጣች፤ ጁዳስ ፕሪስት የሚባለው የእንግሊዝ ሜታል ባንድ ዘፋኝ ሮብ ሃልፎርድ እዚያ ላይ አብሯት አለ። በዚያው ዓመት የ40 ዓመት የመድረክ በዓሏን ቫከን ላይ አከበረች። ቫከን በሰሜን ጀርመን ያለች፣ ሁለት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የገበሬ መንደር ናት። ከ1990 ጀምሮ በየክረምቱ ሜታል ፌስቲቫል ይደረግባታል፣ አሁን 85,000 ያህል ሰው ይመጣል። ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው፣ ላም የሚግጥበት ሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል። ዶሮቴ በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችበት ነው፣ ፌስቲቫሉ ገና ትንሽ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተመለሰች! በ2009 የፌስቲቫሉን መዝሙር ከሠሩት አንዷ እሷ ናት።

ዳታህን እንዳታባክን እንዲህ አድርግ። ማታ ፓኬጁ ሲረክስ ሦስት ነገር አውርድ። አንደኛ «ኦል ዊ አር»፣ ግን የስቱዲዮውን ሳይሆን ቫከን ላይ የተቀረጸውን፤ እሷ ታወጣለች፣ ሜዳው ይቀበላል፣ የእኛ አገር አውጪና ተቀባይ ነው ቁርጥ። ቪዲዮው ከበዛብህ ድምፁን ብቻ ውሰድ። ሁለተኛ «ፉር ኢመር»። ሦስተኛ «በርኒንግ ዘ ዊችስ»፣ የ1984ቱ። ቀረጻው ድሀ ነው፣ ጊታሩ ይንጫጫል፣ የ20 ዓመት ልጅ ግን ያለ ምንም ፍርሃት ትዘፍናለች። በስልኩ ስፒከር አትስማው፣ ቤዙ ይጠፋብሃል። ከወደድከው ቀጥለህ «ትራያምፍ ኤንድ አጎኒ»ን ሙሉውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትዘል።